በኬጂ ክፍል የእጅ ሥራ ሰዓት በበጎ ፈቃድ ለሚያግዙ ወላጆች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

በአራዳ፣ በቂርቆስ፣ በልደታና በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተሞች በሚገኙ አፀደ ሕፃናት አንዲት መምህርት ከአንዲት ሞግዚት ጋር ሆና 30 እና ከዚያ በላይ ሕፃናት ይዛ ማየት የተለመደ ነው። ፊደል ማስቆጠሩ፣ መዝሙሩና ተረቱ በዚህ አኳኋን ሊሄድ ይችላል፤ የእጅ ሥራ ግን አይሄድም። መቀስ የያዘ ሕፃን አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ይፈልጋል፤ ኮላ የነካ እጅ ወዲያው የሚጠርገው ካላገኘ ወደ ፀጉርና ወደ ዩኒፎርም ይሄዳል። ስለዚህ በመርሐ ግብሩ ላይ «የእጅ ሥራ» ተብሎ የተጻፈው ሰዓት ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የተሣለ ሥዕል በከለር ወደ መቀባት ይለወጣል። ይህን ክፍተት የሚሞላው በሳምንት ወይም በ15 ቀን አንድ ጊዜ ሰዓቱን የሚሰጥ ወላጅ፣ አያት፣ አክስት ወይም ታላቅ ወንድም ነው፤ መመሪያው የተጻፈውም ለዚያ ሰው ነው።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ ዝግጅቱ የአጋዡ ነው፣ ሥራው ግን የሕፃኑ ነው። አጋዡ በቤቱ በደከመ መጠን በክፍል ውስጥ እጁን መሰብሰብ ይችላል። ሳይዘጋጅ የመጣ አጋዥ ግን ጊዜው ሲያልቅበት የሕፃናቱን ሥራ ራሱ መጨረስ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ በግድግዳው ላይ የሚሰቀለው የአዋቂ ሥራ ይሆናል።

አንደኛ፦ ከመምህርቷና ከትምህርት ቤቱ ጋር መስማማት

መጀመሪያ የሚነጋገሩት ከክፍሉ መምህርት ጋር ነው። ጠዋት ሕፃናቱን በምትረከብበት ሰዓት በር ላይ ይዞ ማነጋገር አይጠቅምም፤ በዚያ ሰዓት ዓይኗም ጆሮዋም ሕፃናቱ ላይ ነው። ይልቁንም በኮሚዩኒኬሽን ደብተሩ ላይ አጭር ማስታወሻ ይጻፉ። «ሚስ፣ በእጅ ሥራ ሰዓት ሰው የሚያስፈልግዎት ከሆነ ሐሙስ ጠዋት እየመጣሁ ላግዝዎት እችላለሁ። ለመነጋገር የሚመችዎትን ቀን ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል» ማለት በቂ ነው። መምህርቷ ከተስማማች በኋላ ጉዳዩን ለርዕሰ መምህሩ ማሳወቅና ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች የወላጅ መምህር ኅብረቱም ቢያውቀው ሥራው ይቀላል፣ ምክንያቱም ኋላ ወረቀትና ኮላ መግዣ ሲያስፈልግ ጥያቄው የሚቀርበው ለኅብረቱ ነው።

ስትገናኙ ጥቂት ነገሮችን በጽሑፍ ይዘው ይውጡ። የሕፃናቱን ቁጥርና ዕድሜ፣ ሰዓቱ ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ በዚያ ሳምንት ምን እየተማሩ እንደሆነ፣ ጠረጴዛዎቹ ምን ያህል ሕፃናት እንደሚያስቀምጡ፣ በግቢው ውኃ የሚመጣበት ቀን የትኛው እንደሆነ፣ አለርጂ ወይም ሌላ የጤና ችግር ያለበት ሕፃን ካለ ምን መጠንቀቅ እንደሚገባ ይጠይቁ። የውኃው ጉዳይ ቀላል አይደለም። በመሐል ከተማ ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ቧንቧው በደረቀበት ቀን ቀለም ይዞ መግባት መምህርቷን ቀኑን ሙሉ የሚያስቸግር ነው፤ በእንዲህ ዓይነቱ ቀን ወይ ደረቅ ሥራ ይመረጣል፣ ወይ አንድ ጀሪካን ውኃ ከባልዲና ከጆግ ጋር ተይዞ ይኬዳል። የምገባ ሰዓት ባለበት ትምህርት ቤት ደግሞ የእጅ ሥራው ከምግብ በፊት ቢያንስ ሩብ ሰዓት ቀደም ብሎ ማለቅ አለበት፤ የ30 ሕፃናት እጅ በጆግ ማስታጠብ ከሚገምቱት በላይ ይረዝማል።

መምህርቷ በዕድሜ ከእርስዎ ብታንስም በክፍሉ ውስጥ ቃሉ የእርሷ ነው። ሕፃናቱን የምታረጋጋበት የራሷ መንገድ ካላት፣ ጭብጨባም ይሁን መዝሙር፣ እርስዎም ያንኑ ይጠቀሙ። ባልተስማሙበት ነገር ላይ በሕፃናቱ ፊት ሐሳብ አይስጡ።

ከዚህ ጋር የሚሄዱ የማይታለፉ ሥርዓቶች አሉ። በር ላይ ለጥበቃው ስምዎን ያስመዝግቡ። ከማንኛውም ሕፃን ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻዎን አይሁኑ፤ ሕፃናትን ሽንት ቤት መውሰድ የሞግዚቷ ሥራ ነው፣ ሕፃኑ ቢቸኩልም እርሷን ይጥሩ እንጂ ራስዎ አይውሰዱ። ከረሜላም ሆነ ብስኩት አያድሉ። ጉንፋን ወይም ትኩሳት ከያዘዎት ይቅሩ። የሕፃናትን ፊት የሚያሳይ ፎቶ አንስቶ በክፍሉ የቴሌግራም ቡድን ላይ መለጠፍ የእርስዎ ውሳኔ አይደለም፤ ሥራዎቹን ብቻ ለማንሳትም ቢሆን አስቀድመው ያስፈቅዱ። በክፍሉ ውስጥ ያዩትን፣ ማን እንዳለቀሰና ማን መቀስ መያዝ እንዳቃተው፣ ለሌላ ወላጅ አያውሩ። ይህች የመጨረሻዋ ብዙ ጊዜ ትረሳለች፤ መምህራን በጎ ፈቃደኛ ለመቀበል የሚያመነቱበት አንዱ ምክንያት ግን እርሷ ናት።

ሁለተኛ፦ ሥራውን መምረጥ

ሕፃናት በ7 ዓመታቸው አንደኛ ክፍል እስኪገቡ ድረስ እጃቸው በየወሩ ይለወጣል። ብዙዎቹ በ4 ዓመታቸው ቀጥ ያለ መስመር ተከትለው መቁረጥ ይጀምራሉ፤ ወደ 5 ሲጠጉ ክብ ነገር ይሞክራሉ፤ ማዕዘን እየዞሩ መቁረጥ የሚቀናቸው ግን ከዚያም ዘግይቶ ነው። አንዱ ከሌላው መቅደሙም መዘግየቱም ጤናማ ነው። ስለዚህ የሚመርጡት ሥራ አንድ አዲስ ነገር ብቻ የሚያስተምር ይሁን። መቁረጡ አዲስ ከሆነ መለጠፉ የለመዱት ይሁን፤ ሽመናው አዲስ ከሆነ ቁራጮቹ ተቆርጠው ይቅረቡላቸው። ሥራው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ የሚያልቅ ወይም በሁለት ቀን ተከፍሎ የሚሠራ መሆን አለበት።

የዘመን አቆጣጠራችን የሥራ ርእስ አያሳጣም። በመስከረም አደይ አበባ በየመንገዱ ሲሸጥ ሕፃናቱ እውነተኛውን አበባ ይዘው ቅጠሎቹን እየቆጠሩ በቢጫ ወረቀት ሊሠሩት ይችላሉ። በዘመን መለወጫ ጠዋት ልጆች ፀሐይና አበባ ስለው ለጎረቤት የሚያድሉበት ወግም አለ፤ ትምህርት የሚጀመረው ከበዓሉ በኋላ ቢሆንም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እያንዳንዱ ሕፃን ለጎረቤት ወይም ለአያት የሚሰጠውን ሥዕል ቢሠራ ወጉ በከተማው ልጅ እጅ ይቀጥላል። ለየካቲት 23 ከካርቶን ጋሻ መሥራት ይቻላል፤ ጦር ግን ከካርቶንም ቢሆን አይሥሩ፣ ዓይን ይወጋል። በአንድ ክፍል ውስጥ የክርስቲያንም የሙስሊምም ልጆች ስላሉ ሁሉም ወደ ቤቱ ይዞ የሚገባው ነገር ይመረጥ። አደይ አበባ የሁሉም ናት፤ የአንድ ሃይማኖት ምልክት የሆነውን ግን መምህርቷን ሳያማክሩ አያምጡ።

ሦስተኛ፦ ዕቃ ማሰባሰብ

አብዛኛው ዕቃ ገንዘብ አይጠይቅም። የሱቅ ካርቶን፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ ያለቀ የሶፍት ቱቦ፣ የሃይላንድ ጠርሙስና ቁርጥራጭ ጨርቅ በየቤቱ አለ። የሰፈር ልብስ ሰፊ ከቀሚስና ከሱሪ የተረፈውን ጨርቅ በፌስታል ሞልቶ ይሰጣል፤ ሲጠይቁት ለሕፃናት ክፍል መሆኑን ይንገሩት፣ ቁልፍና መርፌ አለመኖሩን ግን ቤት ገብተው ራስዎ ይፈትሹ። መግዛት የሚያስፈልገው ባለ ቀለም ወረቀት፣ ኮላና መቀስ ነው። ለአንድ ክፍል ብቻ ከሆነ አራት ኪሎ አካባቢ ካሉት ስቴሽነሪዎች መግዛት ይበቃል፤ ለዓመት ከሆነ ግን ከሌሎች ወላጆች ጋር ተዋጥቶ መርካቶ ወርዶ ባለ 500 ሉህ እሽግ መግዛት ይረክሳል። በፒያሳ የለመዱት ሱቅ ካለ ከመሄድዎ በፊት ይደውሉ፤ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት በዚያ አካባቢ ብዙ ሱቆችን አስነሥቷል። በመርካቶው ምን አለሽ ተራ ያገለገለ የቆርቆሮ፣ የጠርሙስና የፕላስቲክ ዕቃ በርካሽ ይገኛል፤ ለቀለም መያዣና ለውኃ ማስቀመጫ የሚሆነውን ከዚያ ማምጣት ይቻላል፤ ሕፃናት እጅ የሚገባ ነገር ግን ከዚያ ባይመጣ ይመረጣል፣ ዕቃው ቀድሞ ምን እንደ ነበረበት አይታወቅምና።

የማይገቡትን ነገሮች በግልጽ ማወቅ ያስፈልጋል። ማስቲሽና ፈጥኖ የሚያጣብቀው ጠንካራ ሙጫ በምንም ምክንያት ክፍል ውስጥ አይገቡም። የዘይት ቀለም፣ ምላጭ፣ ሽቦ፣ ስቴፕለርና የባትሪ ፍሬም እንዲሁ። ትንንሽ ነገር ለመለየት ቀላሉ መንገድ ያለቀ የሶፍት ቱቦ መጠቀም ነው፤ በቱቦው ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሁሉ በሕፃን ጉሮሮ ሊሰነቀር ይችላል። በዚህ መለኪያ የጠርሙስ ቆርኪ፣ የሃይላንድ ክዳን፣ ቁልፍና ዶቃ ይወድቃሉ። ለ6 ዓመት ልጆች በቅርብ ክትትል አንዳንዱን መፍቀድ ይቻል ይሆናል፤ ለትንንሾቹ ግን አይሞከርም። ባዶ የእንቁላል ካርቶንም ከዶሮው ኩስ ጋር የሚመጣ ጀርም ስላለው ይቅር።

ስለ ጥራጥሬ ለብቻው መናገር ይገባል። በወረቀት ላይ ባቄላ፣ አተርና ምስር እየለጠፉ ሥዕል መሥራት በብዙ ኬጂዎች ይዘወተራል፤ ቢቀር ግን ይሻላል። ደረቅ ባቄላ በአፍንጫ ከገባ በእርጥበቱ ያብጣል፣ ማውጣቱም ለሐኪም ይቀራል። ሌላው ምክንያት የአስተዳደግ ነው። እቤታቸው እህል ሲወድቅ አንሥቶ መሳም የሚያዩ ሕፃናት ትምህርት ቤት ውስጥ በእህል ሲጫወቱ ምን እንደሚማሩ ማሰብ ይገባናል። የወረቀት ቁራጭ፣ የጨርቅ ቁራጭና የደረቀ ቅጠል ያንኑ ሥራ ይሠራሉ።

አራተኛ፦ በቤት የሚሠራው ዝግጅት

የዱቄት ኮላ ርካሽ፣ ሽታ የሌለውና ከልብስ በውኃ የሚለቅ በመሆኑ ለወረቀት ሥራ ከሚገዛው ይሻላል። ሦስት ኩባያ ውኃ እሳት ላይ ይጣዱ። አንድ ኩባያ የፉርኖ ዱቄት በአንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠው ጓጉል እስኪጠፋ ይምቱ። ውኃው ሲፈላ የተበጠበጠውን እያማሰሉ በቀስታ ይጨምሩና እሳቱን ቀንሰው ጥቂት ደቂቃ ያማስሉ፤ ነጣ ያለው መልክ ጠፍቶ ወደ መስተዋትነት ሲያደላና ማንኪያውን ሲይዝ ደርሷል። ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳን ባለው ዕቃ ይያዝ። ማታ ተሠርቶ ጠዋት መዋል አለበት፤ ፍሪጅ ውስጥ ጥቂት ቀን ይቆያል፣ ውጭ ካደረ ግን ይኮመጥጣል። የስንዴ አለርጂ ያለበት ሕፃን ካለ በዚህ ፈንታ የተገዛ ነጭ ኮላ ይጠቀሙ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያግዝ ሰው የምመክረው ሥራ የወረቀት ሽመና ነው። መቀስ የሚይዘው አዋቂው ስለሆነ አደጋ የለውም፣ ውኃ አይፈልግም፣ ሁሉም ሕፃን የሆነ ነገር ይዞ ይወጣል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአገራችንን ሙያ ያስተምራል። አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ኤ4 ባለ ቀለም ወረቀት ርዝመቱን ለሁለት ያጥፉ። ከታጠፈው ጠርዝ ተነሥተው ወደ ክፍቱ ጠርዝ 3 ሳንቲ ሜትር እያራራቁ 6 ቦታ ይቁረጡ፤ ነገር ግን ክፍቱ ጠርዝ ላይ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሳይቆረጥ መቅረት አለበት። ሲገልጡት ዙሪያው ያልተቆረጠ፣ መሐሉ 7 ዘንግ ያለው ወረቀት ያገኛሉ፤ ይህ ድሩ ነው። ከሌላ ቀለም ኤ4 ወረቀት ደግሞ በአጭሩ ጎን ርዝማኔያቸው 21፣ ስፋታቸው 3 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ቁራጮች ያውጡ፤ ከአንድ ወረቀት 9 ይወጣሉ፣ 7 ወይም 8ቱ ለአንድ ሕፃን ይበቃሉ፤ እነዚህ ማጉ ናቸው። ለ30 ሕፃናት 60 ወረቀት ማለት ነው፤ 5 ያህል ትርፍ ያዘጋጁ፣ የሚቀደድ አይጠፋም። ለ4 ዓመት ልጆች ድሩን 5 ዘንግ ብቻ አድርገው ሰፋ አድርገው ይቁረጡ። የዘንጎቹ ቁጥር ጎዶሎ መሆኑ ይጠቅማል፤ ከላይ የጀመረ ማግ ከላይ ስለሚጨርስ ሕፃኑ ልክ መሥራቱን ራሱ ያያል።

ከሁሉም በፊት ሥራውን እቤት ከአንድ ሕፃን ጋር ይሞክሩት። ሕፃን ከሌለ በግራ እጅዎ ብቻ ሠርተው ይዩት፤ የት ላይ እንደሚከብድ ያኔ ይታይዎታል። የተሞከረውን ናሙና ይዘው ይሂዱ፤ ናሙናው ግን እጅግ ያማረ አይሁን። ያማረውን ያየ ሕፃን ወይ ይፈራል፣ ወይ «አንተ ሥራልኝ» ይላል።

አምስተኛ፦ በክፍል ውስጥ

ከሰዓቱ 20 ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ፤ ከመገናኛም ሆነ ከሜክሲኮ የሚመጣ ሰው የመንገዱን መጨናነቅ አስልቶ ይነሣ። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ወይም የተሰነጠቀ ማዳበሪያ ያንጥፉ። ለእያንዳንዱ ሕፃን ድሩን፣ ማጎቹንና የማጎቹን ጫፍ የሚለጥፍበት አንድ ማንኪያ ኮላ በካርቶን ቁራጭ ላይ ያስቀምጡ፣ ለእያንዳንዱ ጠረጴዛም እርጥብ ጨርቅ። ዕቃው ተደርድሮ ሳይጠናቀቅ ሕፃናቱ መቀመጥ የለባቸውም፤ ባዶ ጠረጴዛ ላይ የሚጠብቅ ሕፃን የራሱን ሥራ ይፈልጋል።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመያዝ አይሞክሩ። 5 ወይም 6 ሕፃናት ወደ እርስዎ ጠረጴዛ ይምጡ፣ ሌሎቹ ከመምህርቷ ጋር ሌላ ነገር ይሥሩ። 30 ሕፃናት በ5 ቡድን፣ እያንዳንዱ ቡድን 12 ደቂቃ ቢወስድ ሥራው ብቻ አንድ ሰዓት ነው፤ መቀያየሩ ሲጨመር ከዚያ ያልፋል። ሰዓቱ የማይበቃ ከሆነ ግማሾቹን ዛሬ፣ ግማሾቹን በሚቀጥለው ቀን ማድረግ ይሻላል። የቀሩት መቼ እንደሚደርሳቸው በግልጽ ይነገራቸው፤ ነገ የተባለ ሕፃን ነገ እንዳለ ያምናል፣ የተባለውም መፈጸም አለበት።

ሥራውን ሲያሳዩ ትንሽ ይናገሩ፣ ብዙ ያሳዩ። «ይሄ ድሩ ነው፣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ይሄ ማጉ ነው፣ ይሄዳል። በላይ፣ በታች፣ በላይ፣ በታች» እያሉ አንዱን ማግ በዝግታ ያስገቡ። ሁለተኛው በታች እንደሚጀምር ያሳዩና እጅዎን ይሰብስቡ። ሕፃናቱ «በላይ፣ በታች» እያሉ ማዜም ይጀምራሉ፤ ይተዉአቸው። ሁለት ማግ በተመሳሳይ መንገድ ያስገባ ሕፃን ሲያጋጥም አያውጡበት፤ «ይሄኛው ማግና ያኛው ማግ የት የት ይደበቃሉ?» ብለው ይጠይቁት። አይቶ ራሱ ካላስተካከለ እንዳለ ይሁን።

ሽሮ ሜዳ ሄደው ሸማኔ ሲሠራ ያዩ ሕፃናት በክፍሉ ውስጥ አይጠፉም፣ አባቱ ሸማኔ የሆነም ይኖራል። ነጠላው፣ ጋቢውና ጥለቱ ከዚህ ድርና ማግ እንደሚወጣ ይንገሯቸው፤ የሚቻል ከሆነ አንድ ነጠላ ይዘው ሄደው ክሮቹን በቅርብ ያሳዩአቸው። ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ለረጅም ዘመን በእኛው አፍ ሲናቁ ኖረዋል። የ5 ዓመት ልጅ ግን ይህን ንቀት ገና አልተማረም፤ ሸማኔ የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ በአድናቆት ቢሰማው ለሙያውም ለልጁም ጥቅም ነው። ይህ ከእጅ ሥራ ሰዓት ውጭ የሆነ ነገር አይመስለኝም።

መቀስ የሚያስፈልገው ሥራ ሲመጣ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ የሕፃናት መቀስ ብቻ ይጠቀሙ። ሲያድሉ ይቁጠሩ፣ ሲሰበስቡም ይቁጠሩ፤ ቁጥሩ ሳይሞላ ማንም ከጠረጴዛው አይነሣ። አውራ ጣት ወደ ላይ፣ ክርን ወደ ጎን የተሰበሰበ መሆኑን ይዩ። ገና ለሚጀምሩት ስፋቱ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠንካራ ወረቀት ይስጧቸው፤ በአንድ ንክሻ ስለሚቆረጥ ወዲያው ይደሰታሉ። ስስ ወረቀት በመቀሱ መሐል እየታጠፈ ያስለቅሳቸዋል።

በግራ እጁ የሚሠራ ሕፃን በየክፍሉ አለ። በቀኝ እንዲይዝ አያስገድዱት፣ ከእጁም ነጥቀው አያዙሩት። ተራ መቀስ የተሠራው ለቀኝ እጅ ስለሆነ በግራ ሲያዝ ስለቶቹ ከመገጣጠም ይልቅ ይራራቃሉ፣ መስመሩንም ይሸፍናሉ፤ ሕፃኑ ያልሆነለት ሰነፍ ስለሆነ ሳይሆን መሣሪያው ስለማይሆነው ነው። የግራ እጅ መቀስ ሁለት እንኳ ለክፍሉ ቢገዛ ዋጋው ከሚሰጠው ጥቅም ጋር አይወዳደርም። አቀማመጡንም ያስቡበት፤ ክርኑ ከጎረቤቱ ጋር እንዳይጋጭ በጠረጴዛው ግራ ጫፍ ይቀመጥ።

«ጎበዝ!» የሚለው ቃል ካፋችን ቶሎ ይወጣል፤ መጥፎም ቃል አይደለም። ነገር ግን ለ6 ሕፃናት በየደቂቃው ከተባለ ማንም አይሰማውም። በእርሱ ፈንታ ያዩትን ይናገሩ፦ «ቀዩን አጠገብ ለአጠገብ አደረግሽው»፣ «ሲቀደድብህ በኮላ ጠገንከው»። የሕፃኑን ሥራ ከሌላው ጋር አያወዳድሩ። «ምንድን ነው ይሄ?» ብሎ መጠየቅም ሕፃኑን ያሳፍራል፤ «እስቲ ንገሪኝ» ማለት ይሻላል። መሥራት ያልፈለገ ሕፃን ቢኖር ቁጭ ብሎ ይይ፤ ብዙ ጊዜ ቡድኑ ሊነሣ ሲል እጁን ይዘረጋል፣ ያን ጊዜ ለእርሱ የተቀመጠ ወረቀት መኖር አለበት።

«አልችልም፣ ሥሪልኝ» ለሚል ሕፃን የመጀመሪያውን እንቅስቃሴ በራስዎ ወረቀት ላይ ያሳዩ፤ በእርሱ ወረቀት ላይ አይሥሩ። ፈጽሞ ካቃተው እጅዎን ከእጁ በታች አድርገው ይደግፉ፣ በላዩ አያድርጉት። የወላጆች ቀን ሲቃረብ ይህን መጠበቅ ይከብዳል። ትምህርት ቤቱ የሚያምር ነገር መስቀል ይፈልጋል፣ ወላጁም የልጁ ሥራ ከሌላው እንዳያንስ ይመኛል፤ በዚህ መሐል አጋዦች ሌሊት ቁጭ ብለው የ30 ሕፃን አበባ ያስተካክላሉ። እባክዎን ይህን አያድርጉ። የተጣመመውን አበባ የሠራችው ልጅ በግድግዳው ላይ የራሷን አበባ ፈልጋ ስታጣው የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ የእርሷ እንዳልበቃ።

የራስዎ ልጅ በክፍሉ ውስጥ ከሆነ ከሁሉም ቀድሞ ቀሚስዎን ወይም እጅዎን የሚይዘው እርሱ ነው። ጠዋት ከቤት ሳትወጡ «ዛሬ የክፍሉ ሁሉ ረዳት ነኝ፤ የአንተ ቡድን ሲደርስ አንተ ጋ እመጣለሁ» ብለው ይንገሩት። በመጀመሪያው ቡድን ውስጥ ቢሆን ይቀልለዋል። ሌሎቹ ሕፃናት «የእገሌ እናት» ወይም «ቲቸር» ቢሉዎት ሁለቱም ያስኬዳል።

ስለ ሸክላ ጥቂት

ሽመናው ከተለመደ በኋላ፣ ውኃ ባለበት ቀን፣ ሸክላ ያምጡ። በቀጨኔ የሚሠሩ ሸክላ ሠሪ እናቶች የተዘጋጀ ጭቃ ይሸጣሉ፤ ሲገዙ ለሕፃናት መሆኑን ነግረው ጠጠርና ስባሪ የሌለበትን ይጠይቁ። ለአንድ ሕፃን በእፍኝ የሚያዝ ያህል ይበቃል። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው በፌስታል ካሰሩት ለቀናት ሳይደርቅ ይቆያል፤ ፌስታሉ ግን ሕፃናት እጅ አይግባ። በገጠር ያደጉ ወላጆችና አያቶች ከጭቃ ላምና በሬ እየሠሩ ነው የተጫወቱት፤ አንድ አያት መጥተው ቀንዱ እንዴት እንደሚወጣ ቢያሳዩ ከማንኛውም መመሪያ ይበልጣል። የሚሠራው ሳይተኮስ በጥላ ይደርቃል፣ በፀሐይ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ከሸክላ በኋላ እጅ በመጀመሪያ በባልዲ ውስጥ ይታጠብና ጭቃው ከዘቀጠ በኋላ ውኃው አፈር ላይ ይደፋ፤ በመታጠቢያው ቧንቧ ከሄደ ይዘጋዋል።

ከሥራው በኋላ

ስም የሚጻፈው ሕፃኑ ከጠረጴዛው ሳይነሣ፣ በሥራው ጀርባ ነው። መጻፍ የጀመረ ሕፃን ራሱ ይጻፍ፣ የተገለበጠ ፊደል ቢኖርበትም። ኮላው እርጥብ የሆነውን ሥራ በክር ላይ በልብስ ቆንጣጭ ይስቀሉ ወይም ካርቶን ላይ ዘርግተው ያሳድሩ፤ በዝናብ ወራት አንድ ቀን አይበቃውም። ሕፃናቱ ቁርጥራጭ ወረቀት ከወለል እንዲለቅሙ የመጨረሻዎቹን 5 ደቂቃዎች ይተዉላቸው፤ ማጽዳቱ የሞግዚቷ ብቻ ከሆነ ሞግዚቷ የእርስዎን መምጣት አትወድም፣ ልክም ናት።

ከመውጣትዎ በፊት የተረፈውን ወረቀት፣ ኮላና መቀስ ለመምህርቷ በቁጥር ያስረክቡ፣ ያልተሳተፉትን ሕፃናት ስም ይስጧት፣ የሚቀጥለውን ቀንና ሥራ በኮሚዩኒኬሽን ደብተሩ ላይ ይጻፉ። መምጣት የማይችሉ ከሆነ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ይደውሉ፤ የተቆረጡ ወረቀቶች አስቀድመው ከደረሷት መምህርቷ ቀኑን ሳታጥፍ በራሷ ልታሠራቸው ትችላለች።